የቅርብ ሰው መጨረሻ ይስማ

ኮምፒውተር የተማርኩት ለቀብር ሥራ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቡታጅራ ስመለስ ባንክ የምቀጠር መስሎኝ ነበር፤ እናቴም ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ባንክ ልትገባ ነው" ብላ አውርታ ጨርሳለች። ባንኩ ሌላ ሰው ቀጠረ። ያኔ ሥራ ያጣ ወጣት ሁሉ "ተደራጁ" ይባል ስለነበር፣ እኔም ከዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛዬ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጀሁ። ድንጋይ የሚጠርቡ፣ ብሎኬት የሚያመርቱ፣ ዶሮ የሚያረቡ ወጣቶች በተሰለፉበት ቢሮ "የእኛ ሥራ ሶፍትዌር ነው" ስንል መዝጋቢዋ ደጋግማ አስደገመችንና በመጨረሻ "የኤሌክትሮኒክስ ጥገና" ብላ ገላገለችን። ከዚያ በኋላ በተሰጠችን ኮንቴይነር በር ላይ ካውያና ሬዲዮ ይዞ የማይቆም ሰው አልነበረም። ጓደኛዬ እጁ ጥሩ ስለሆነ አንዳንዱን ይጠግነዋል። እኔ ግን ቱግ ባይ ነኝ፤ አንድ ሰውዬ ምጣድ ይዘውልኝ የመጡ ቀን በሩን ዘግቼ ቤቴ ሄጃለሁ።

የመጀመሪያውን እውነተኛ ሥራ ያመጡልን የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ናቸው። ብረታ ብረት የሚነግዱ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም "ሐጂ" ነው የሚላቸው። ዕድራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው። አባላቱ ግን ተበትነዋል፤ ገሚሱ ወልቂጤ፣ ገሚሱ መርካቶ፣ አንዳንዱ ጉንችሬና አረቅጥ። የጥሩንባ ነፊያችን ድምፅ ደግሞ የቱንም ያህል ቢነፋ ከአስፋልቱ ወዲያ አይሻገርም። ሰው ሲሞት ኮሚቴው ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል። በመሃል የሚዘነጋ አይጠፋም፤ የተዘነጋው ደግሞ "ሳልቀብር አስቀራችሁኝ" ብሎ ዓመት ያኮርፋል። ሐጂ ኮንቴይነራችን ውስጥ ወንበር ስበው ተቀመጡና "ልጄ፣ ሬዲዮ ላሠራ አልመጣሁም" አሉኝ። እዚያው ወደድኳቸው።

የሠራንላቸው ነገር ለመናገር ቀላል ነው። አባሉ ስልኩ ላይ አፕ ይጭናል፤ አፑ ሩቅ ወዳለ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨሩ ይመልሳል። ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበትን ክፍል እኛ ባለሙያዎቹ ኤፒአይ እንለዋለን። አባቴ የቀበሌ መስኮት እያስታወሰ "መስኮቱ" ይለው ነበር፤ እኔም ከእሱ ለመድኩት። መስኮቱ ሁለት ነገር ማጣራት አለበት። አንደኛው ጠያቂው ማን እንደሆነ ነው፤ ይህ በስልክ ቁጥርና በፓስዎርድ ያልቃል። ሁለተኛው፣ የታወቀው ሰው ምን እንዲያይ እንደተፈቀደለት ነው። ሠርግ ቤት በር ላይ የቆመው ሰው ካወቀህ ያስገባሃል፤ ታወቅሁ ብለህ ግን ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል ዘው አትልም። ብዙ ቦታ ይህ ሁለተኛው በማዕረግ ይጨረሳል፦ ተራ አባል ይህን ያያል፣ ኮሚቴ ያንን ያያል፣ ሲስተሙን የሚያስተዳድረው አድሚን ሁሉን ያያል። ዝግጁ ሆኖ የተቀመጠ ነገር ስለሆነ ወስዶ መግጠም ብቻ ነው። ለእኛ ዕድር ግን ዝግጁው አልሆነም።

መጀመሪያ የሞከረልን አባቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ከሲንጀሩ ጀርባ ተቀምጦ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ሲል የሚውል ሰው። ስልኩን ከፍ ዝቅ አድርጎ አየና "ፊደሉን አሳድጊው እንጂ፤ የሞተ ሰው በመነጽር ልፈልግ?" አለኝ። አሳደግሁለት። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ልብስ መለካቱን ትቶ አፑን ያሳይ ጀመር። እናቴ ስለ ባንኩ ማውራት ያቆመችው ያኔ ነው።

ለኮሚቴው የምናሳይበት ቀን የዕድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ተሰበሰቡ። እኔ አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ሁሉንም አሳየሁና በጣም የኮራሁበትን ነገር ለመጨረሻ አቆየሁት። "አንድ ሰው ሲያርፍ" አልኩ፣ "የሟች የቅርብ ቤተሰብ ከማንም በፊት ያያል። ልጆቹ፣ እህት ወንድሞቹ። ሌላው አባል ከእነሱ በኋላ ነው።" ኢንተርኔት ላይ ካነበብኩት ትምህርት ሁሉ የገባኝ ይህ ነበር፦ መረጃ መጀመሪያ የባለቤቱ ነው። ማንም አላጨበጨበም። አልገባቸውም ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ጓደኛዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

"ልጄ" አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ "ይኼ ሰው ይገድላል እኮ።"

ከዚያ ስለ ራሳቸው ነገሩን። የወንድማቸውን ሞት የሰሙት በስልክ ነው፤ አንድ ችኩል ዘመድ ደውሎ ሚኒባስ ውስጥ እንዳሉ ነገራቸው። "ማን ይያዘኝ? ግራዬን ባይ የማላውቀው ሰው፣ ቀኜን ባይ የማላውቀው ሰው። ረዳቱ 'አባት፣ ሒሳብ' ይለኛል። ወላሂ፣ ሒሳቡን ከፈልኩ እኮ! ወንድሜ ሞቶ ሒሳብ ከፍዬ፣ መልስ ተቀብዬ፣ ፌርማታዬ ላይ ወረድኩ። ወርጄ ነው የወደቅኩት።" ከኮሚቴው አንዱ ሙስሊም ቶሎ ስለሚቀብር ቤተሰብ ቶሎ መስማት የለበትም ወይ ብሎ ጠየቀ። "ቶሎ ይስማ" አሉ ሐጂ፤ "ግን ቶሎ ማለት ከስልክ ይስማ ማለት አይደለም። ከሰው ይስማ።"

እንግዳ ነገር አልነበረም እኮ የነገሩን። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ስመለከት ነው ያደግሁት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ባለ ሱቁ ያውቃል፣ ባለ ጋሪው ያውቃል፣ ባለ ጉዳዩ ብቻ አያውቅም። ሰላም ይሉታል፣ ያስቁታል፣ እንደ ምንም ብለው እህል እንዲቀምስ ያደርጉታል። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ የሚወዳቸውና ሲወድቅ የሚይዙት ሰዎች በሩ ላይ ይቆማሉ። ይህን እያወቅሁ ኮድ ስጽፍ ግን ለማላውቀው አገር ጻፍኩት። ያን ቀን ሐጂ "አልገባሽም" ብለው ቢያሳፍሩኝ ምናልባት ጥዬላቸው እሄድ ነበር። ሰው ፊት አላሳፈሩኝም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ተመልሰን ቁጭ አልን። እያንዳንዱ አባል የቅርብ ቤተሰቡን እንዲያስመዘግብና አንድ መርዶ ነጋሪ እንዲመርጥ አደረግን፤ ክፉ ነገር ሲመጣ በሩ ላይ እንዲቆምለት የሚፈልገውን ሰው ማለት ነው። ከዚያ የራሳችንን ማጣሪያ ጻፍን። አንድ አባል ማስታወቂያ ሊከፍት ሲጠይቅ መስኮቱ ማዕረጉን ብቻ አያይም፤ "ይህ ሰው ለሟቹ ምኑ ነው?" ይላል። የቅርብ ከሆነ ደግሞ "መርዶ ነጋሪው 'ነግሬያለሁ' የሚለውን ተጭኗል?" ይላል። ካልተጫነ ይከለክላል። የክልከላውን ቃል ራሴ ነኝ የጻፍኩት፦ "ይቅርታ፣ ይህን ማስታወቂያ ለማየት ፈቃድ የለዎትም።" ትሕትናው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ለአባላቱ ስብሰባ ጠርተን አሠራሩን አንድ በአንድ አስረዳን፤ እዚያ ላይ ነው ነገር የተበላሸው።

ምክንያቱም ሁሉም በደንብ ገብቶታል። "ፈቃድ የለዎትም" የሚል የመጣበት ሰው፣ የቅርብ ሰው ሞቶበታል ማለት ነው።

ከአባላቱ መካከል በርበሬ በኩንታል የሚነግዱ ሴት አሉ፤ ገበያው ሁሉ "እትዬ" ይላቸዋል፣ የሚፈሯቸውም ይበዛሉ። ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱቅ ከፍቷል። አንድ የገበያ ቀን በርበሬያቸው ላይ እንደተቀመጡ አፑን ነካ አደረጉት። በፓስዎርድ ገብተው የቆዩበት ጊዜ አልፎ ኖሮ መስኮቱ አላወቃቸውም፤ እንደገና ፓስዎርድ ያስገቡ ማለት ሲገባው ያቺን የእኔን ትሑት ቃል አወጣላቸው። ማንነት ሳይታወቅ ሲቀርም፣ ሳይፈቀድ ሲቀርም የሚወጣው ቃል አንድ ነበራ።

"ልጄን!" አሉ። ይህን የሰማ ገበያ ምን እንደሚሆን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሊይዟቸው የሮጡት ሰዎች ማዳበሪያውን ገለበጡት፤ በርበሬው ተደፍቶ በነፋስ ተነሣ። የሚያለቅሰውም የማያለቅሰውም እንባው ይወርዳል፣ ያስነጥሳል፣ ያስለዋል። የዕድሩ ወጣቶች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው መጋዘኑን ለቀው ነበር። አባቴም መቀሱን እንደያዘ ሮጧል። በዚህ መሃል የእትዬ ስልክ ጮኸ። ሟቹ ነበር። ከጎረቤት አንዱ ለቅሶውን ብቻ ሰምቶ "እናትህን አጽናና" ብሎ መልእክት ልኮለት፣ ማንን እንዳጣ ሊጠይቅ ነው የደወለው። እትዬ ድምፁን ሲሰሙ "አንተ! ሞተህ የለም እንዴ?" ብለው ጮኹበት። ከዚያ ተቀመጡና ከቅድሙ ይበልጥ አለቀሱ።

ኮንቴይነራችን በር ላይ ሲደርሱ ቀሚሳቸው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። "ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ?" አሉኝ። ሲናደዱ ወደ ጉራጊኛ ስለሚገቡ የቀጠለውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። እኔ ደሜ ከሰው ቀድሞ የሚፈላ ሴትዮ፣ ያን ቀን ተነሥቼ ወንበሬን ሳብኩላቸው። ሲጨርሱ ክንዴን ያዙና ወደ ገበያው መልሰው ወሰዱኝ። የተደፋውን በርበሬ ከእሳቸው ጋር ስለቅም፣ ሳበጥርና ሳስነጥስ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ እየሳቅን ነበር።

"አሁን ስሚኝ" አሉኝ ወንፊቱን እያራገፉ። "ልጄ እንደሞተ በዚህ ዕቃ አትንገሪኝ። ግን ከለከልኩሽም አትበዪኝ። ከተከለከልኩ አወቅኩ አይደል እንዴ?"

"ታዲያ ምን ልበል እትዬ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። አንቺ አይደለሽ የተማርሽው!"

ከጓደኛዬ ጋር በዚህ ጉዳይ ተጣላን። እሱ "ውሸት እኮ ነው ፍሬንድ፤ ሲስተም አይዋሽም" ይላል። እኔ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ አውቆ መርዶ ያልሰማችውን ሴት "እንዴት አደርሽ" ሲላት ውሸት ነው ወይ እላለሁ። በስተኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ላልተነገረው የቅርብ ሰው ያ ማስታወቂያ ከናካቴው እንዳልተጻፈ ነው። ሲጠይቅ "አዲስ ማስታወቂያ የለም" ይባላል፣ በደኅና ቀን የሚባለው ያው ቃል። ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን ጣር ነበር። ዝርዝሩ ላይ ደብቀን ፍለጋው ላይ ይወጣል። ፍለጋው ላይ ደብቀን ከላይ ያለው የማስታወቂያ ቁጥር ሦስት ብሎ ከሥር ሁለት ብቻ ይታያል። እትዬን የመሰለ ሰው ደግሞ ሦስተኛውን ሳያገኝ አይተኛም። በየበሩ አንድ አንድ ዘበኛ ማቆሙን ትተን ጥያቄ ሁሉ የግድ የሚያልፍበት አንድ ቦታ ላይ አንድ ማጣሪያ አደረግን፤ ከዚያ ወዲህ ሾልኮ የሚወጣ ነገር አላገኘንም። ሐጂ እያንዳንዱን አጋጣሚ እየፈለሰፉ ይፈትኑን ነበር፤ ሁለት ስልክ ቢኖረውስ፣ የሚስቱን ስልክ ቢያነሳስ።

አንድ ቀን ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ። "አንቺስ ልጄ? አንቺ ሁሉን ታያለሽ?"

"አድሚን ነኛ ሐጂ። ካላየሁ በምን ልጠግነው?"

"ያንቺ ሰው ሲሞትስ?"

"እኔማ ሥራዬ ነው።"

"የሰው ልጅ አይደለሽም እንዴ?" አሉኝ።

ቱግ አልኩ። የሥራዬ ጉዳይ መሰለኝ፤ ሴት ስለሆንኩ ሆዴ የሚባባ፣ ስልጣን የማይሰጠኝ አድርገው ያዩኝ መሰለኝ። ይህንኑ ተናገርኩና ወጥቼ ሄድኩ። ጓደኛዬ "ሼባው ነቄ ናቸው፤ አትጨናነቂ፣ ያንቺን እኔ አያለሁ፣ የኔን አንቺ ታያለሽ" ብሎ ሊያግባባኝ ቢሞክር እሱንም አኮረፍኩት። አባቴ ልብስ እየሰፋ ሁሉንም አዳመጠኝ፤ አዳምጦ ሲጨርስ ሳቀ። "ኮዱ ያንቺ ነው" አለኝ፤ "ሐዘኑ ግን የሰፈር ነው። ለብቻሽ ልትወስጂው ነው?" ኩርፊያዬ ሲወጣልኝ ሄጄ ለአድሚን የተተወችውን ቀዳዳ ደፈንኩ። ከዚያ ወዲያ ማጣሪያው ለእኔም ለጓደኛዬም ለሐጂም እኩል ሆነ። መርዶ ነጋሪ ምረጪ ሲለኝ እትዬን መረጥኩ። "በሞቴ፣ ለእኔ ይኼን ሥራ ትሰጪኛለሽ?" ብለው ተቆጡኝ፤ ቆይተው ግን ግንባሬን ሳሙኝ።

ከዓመት በኋላ ወልቂጤ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ኮንቴይነሩን ለጓደኛዬ ትቼ ሄድኩ፤ ሲስተሙን ግን ከዚያው ሆኜ እከታተለው ነበር። የተከራየሁባቸው ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ከቢሮ ስወጣ ሰርቨሩ መሥራቱን አያለሁ፣ ስንት ሰው እንደጠየቀ አያለሁ፣ ለአባቴ እደውላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጠያቂው ቁጥር ሲያሻቅብ አየሁ። ሞባይል ዳታ ሲጠፋና ሲመጣ የሰነበተበት ጊዜ ስለነበር ሰው እንዲህ ይጠቀማል ብዬ አልጠበቅሁም። የማስታወቂያውን ገጽ ከፈትኩ፤ "አዲስ ማስታወቂያ የለም" አለኝ። ደስ አለኝ። ሰው ሳይሞትም አፑን መክፈት ለምዷል ማለት ነው ብዬ አጠገቤ ላለችው የሥራ ባልደረባዬ ጉራዬን ነዛሁባት። ለጓደኛዬ ደወልኩ። "ዛሬ ሰዉ በዝቶልናል፣ አይተሃል?" አልኩት። "አዎ" አለኝ፤ "ኔትወርክ ተለቆ ነው።" ድምፁ ዘጋ ያለ ነበር፤ ጉንፋን ይዞህ ነው ወይ አልኩት፣ አዎ አለኝ። አባቴ ጋ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ቻርጅ ማድረግ የሚረሳ ሰው ስለነበር አልገረመኝም።

ያን ማታ አከራዬ "ነይ፣ አብረን እንብላ" ብለው ጠሩኝ። በደኅናው ቀን ስለ መብራት ቆጣሪው የምንጨቃጨቅ ሰዎች ነን። ቆጮ በጎመን አቅርበው ጨምሪ፣ ጨምሪ እያሉ አጎረሱኝ። ዛሬ ምን ነካቸው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ጠግቤ ገባሁና ተኛሁ።

ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ውኃ ሲመጣ አከራዬ እንዲያ ነበር የሚቀሰቅሱን፤ ስለዚህ ጄሪካኔን አንጠልጥዬ፣ ዓይኔን እያሸሁ ከፈትኩ። ከፊት እትዬ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከአጠገባቸው ሐጂ፣ ከኋላ ጓደኛዬ ዓይኑ ቀልቶ። አከራዬ ግድግዳውን ተደግፈው አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከቡታጅራ ድረስ በጨለማ ተነሥተው ነው የመጡት።

"ማን?" አልኩ።

"አባትሽ" አሉ እትዬ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስወድቅ እሳቸው ከፊት፣ ሐጂ ከጎን ይዘውኝ ነበር። መሬት አልነካሁም።

ከሲንጀሩ ጀርባ እንደተቀመጠ ነው የወደቀው፤ ሐኪም ቤት ሊያደርሱት ሲሯሯጡ መንገድ ላይ አረፈ። ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ከወልቂጤም ከመርካቶም ያልመጣ አባል አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሳልቀብር አስቀራችሁኝ ብሎ ያኮረፈም የለም። ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥን እትዬ ስልካቸውን አውጥተው፣ በጣታቸው ጫፍ፣ "ነግሬያለሁ" የሚለውን ሲጫኑ አየኋቸው። ከዚያ የእኔን ስልክ ከፈትኩ። የአባቴ ስም መጣ። የተለጠፈበትን ሰዓት አየሁ፦ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ጠያቂ በዛልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ የነበረበት ሰዓት ነው። ያ ሁሉ ሰው አባቴን ነበር የሚጠይቀው። ለሁሉም እውነቱ ተነግሯቸዋል። እኔ ብቻ አዲስ ነገር የለም ተብዬ በልቼ፣ ስቄ፣ ተኝቻለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ከተሰጡኝ ስጦታዎች ከዚያ እንቅልፍ የሚበልጥ አላውቅም። አባት ያለኝ ሰው ሆኜ የተኛሁት የመጨረሻው እንቅልፍ ነው፤ ሐጂ በክርክር ያተረፉልኝ።

በሣልስቱ ጓደኛዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በስልክ ስለዋሸኝ ይቅርታ ሊለኝ ጀመረና ከለከልኩት። "ያን ቀን ሐጂ ጠርተውኝ ነበር" አለኝ። "'ልጅቷ አንድ ቦታ ቀዳዳ ትታ እንደሆነ እይ፣ እንዳታገኘው' አሉኝ። ስለዚህ አንቺን ሆኜ ገባሁ። በፍለጋ ሞከርኩ። በቁጥሩ ሞከርኩ። በአድሚን ገጹ ሞከርኩ። አንቺ ልትሞክሪ የምትችይውን ሁሉ እያሰብኩ ሞከርኩ።"

"እና የት ጋ አገኘህ?"

"የትም" አለኝ። "አጥብቀሽ ነው የዘጋሽው።"

እስከዚያ ድረስ ሰው አስለቅሶኝ ነበር። ያኔ ግን ራሴ አለቀስኩ፤ እሱም አብሮኝ።